ዘይት የሌለበት የጾም ምግብ የሀብታም ምግብ አይደለም

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተሰባስበን ምሳ ስንቋደስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሐኪማቸው ዘይት እንዲቀንሱ፣ አትክልትና ጥራጥሬ እንዲያበዙ እንደ መከራቸው ነገሩኝና፣ «እሱ እኮ የሀብታም ምግብ ነው ልጄ፤ በሰዓት በሚከፈለኝ ገንዘብ ከየት አምጥቼ ልግዛው?» አሉኝ። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት በቅጡ መመለስ አልቻልሁም። ባለቤቴ ከፍ ያለ የኮሌስትሮል ውጤት ይዞ ወደ ቤት ከመጣበት ቀን ጀምሮ ግን ቤታችን ያለ ዘይት ስለሚያበስል፣ ለአራት ሰው የሚሆነውን አስቤዛም በአብዛኛው እንደ አልዲና ሊድል ካለ የዋጋ ቅናሽ ሱፐርማርኬት ስለምሸምት፣ ያልመለስሁትን መልስ እዚህ ላይ ለመጻፍ ወሰንሁ።

የእኚያ እናት ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የታተመባቸው የበርገር፣ የቋሊማ፣ የአይብና የአይስክሬም እሽጎች ዋጋቸው ያስደነግጣል፤ ሐኪሙ ያዘዘው ይህንን ነው ብሎ ያሰበ ሰው ገና ከመጀመሪያው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን እነዚህ ምግቦች ሐኪሙ ያላቸው አይደሉም። የእሽጉን ጀርባ ገልብጦ ላነበበው፣ በብዙዎቹ በርገሮች ውስጥ ከውኃውና ከፕሮቲን ዱቄቱ ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ካኖላ ወይም ኮኮናት ያለ ዘይት ነው። ዋጋውም ቢሆን የማይነካ ሕግ አይደለም፤ ሊድል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ጀርመን ውስጥ «ቬሞንዶ» በሚለው ስያሜው የሚሸጣቸውን የአብዛኞቹን ምርቶች ዋጋ ከእንስሳት ተዋጽኦ አቻዎቻቸው ጋር እንዲስተካከል ሲያደርግ ይህ ታይቷል። እኔ የምናገረው ግን ስለዚህ መደርደሪያ አይደለም። ስለ ምስሩ፣ ስለ አጃውና ስለ ጥቅል ጎመኑ ነው።

እኛ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብን ማንም ሊያስተምረን የሚገባ ሕዝብ አይደለንም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ጾመ ነቢያትንና ፍልሰታን ሲደምር በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማል። ንፍሮው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ በጸሎተ ሐሙስ የምንቀምሰው ጉልባን ጠብታ ዘይት የላቸውም። ወጣችን እንኳ ሲጀመር ያለ ዘይት ነው የሚጀመረው፤ ሽንኩርቱ ደቆ በደረቅ ድስት ውስጥ በራሱ ውኃ ይቁላላል፤ ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ቤት የኑግ ዘይት ውድ ስለ ነበር በማንኪያ እየተለካ ይጨመር ነበር። አሜሪካ ስንመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በጋሎን የታሸገ የአትክልት ዘይት ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ሆኖ አገኘነው፤ እጃችንም ለቀቀ። ሥጋና ቅቤ የከለከልነውን ድስት በዘይት ካስነው።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የወይራም ይሁን የሱፍ አበባ፣ 14 ግራም ያህል ስብና ወደ 120 ካሎሪ አለው። አንድ ኩባያ ዘይት 16 የሾርባ ማንኪያ ስለ ሆነ ከ1,900 ካሎሪ በላይ ይይዛል። አንድ ፓውንድ ማለትም 454 ግራም ደረቅ ምስር ደግሞ ወደ 1,600 ካሎሪ አለው። እንግዲህ ለእንግዳ ብለን አንድ ከረጢት ምስር በአንድ ኩባያ ዘይት ስንሠራ፣ በድስቱ ውስጥ ካለው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ከዘይቱ የመጣ ነው። ስሙ ምስር ወጥ ቢሆንም የምንበላው ከምስሩ ይልቅ ዘይቱን ነው። የምስሩ ካሎሪ ግን ብቻውን አይመጣም፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲንና 15 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) ይዞ ይመጣል። ዘይቱ ሁለቱም የሉትም።

ዘይት መርዝ ነው እያልሁ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቅቤና በመሰል የረጉ ስቦች ፈንታ ፈሳሽ የዕፅዋት ዘይትን መጠቀም ለልብ እንደሚሻል ይመክራል፤ ይህን ምክር የሚከተል ሰው አልተሳሳተም። ጨርሶ ዘይት መተው አለብን የሚሉ ሐኪሞችም፣ በልክ መጠቀም ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ዘይት እንዲቀንስ የተነገረው፣ ነገር ግን አቅም የለኝም ብሎ የተወው ሰው ነው። ለዚህ ሰው የዋጋ ቅናሽ ሱፐርማርኬቱ አቅሙ የሚፈቅድለት ብቻ ሳይሆን፣ አመጋገቡን ለመለወጥ ከሌላ ሱቅ ሁሉ የሚቀል ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ በሱቁ አሠራር ውስጥ ይገኛል። አልዲ መነሻው በጀርመኗ ኤሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተች አንዲት ትንሽ የሠፈር ሱቅ ናት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባለሱቋ ልጆች ካርልና ቴዎ አልብሬኽት ተረክበው፣ ለሸማቹ ጥቂት ዓይነት ዕቃ ብቻ እያቀረቡ ዋጋ የመቀነስን ዘዴ አሳደጉት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሱቅ የተከፈተው በ1976 በአይዋ ግዛት ነው። ተፎካካሪው ሊድል በጁን 2017 እዚሁ ቨርጂኒያን ጨምሮ በሦስት ግዛቶች ሥራ ጀመረ፤ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአርሊንግተን ነው። ዕቃው ከመጣበት ካርቶን ሳይወጣ ይደረደራል፤ አልዲ ዘንድ ጋሪ ለመውሰድ 25 ሳንቲም እናስይዛለን፤ ከረጢት ይዘን እንሄዳለን፤ አብዛኛው ዕቃ የሱቁ የራሱ ስያሜ ያለው ነው። ለማስታወቂያና ለተጨማሪ ሠራተኛ ያልወጣው ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። የምግብ ድጋፍ ካርድም ይቀበላሉ።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የበለጠ የጠቀመኝ ግን የዕቃው ዓይነት ማነሱ ነው። አንድ መደበኛ ትልቅ ሱፐርማርኬት 30,000 ያህል ዓይነት ዕቃ ሲይዝ አልዲ የሚይዘው 2,000 ገደማ ነው። ዘይት የሌለበትን ለመለየት እሽግ እየገለበጠ ለሚያነብ ሰው፣ በተለይም እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው፣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በትልቁ ሱቅ ሃያ ዓይነት የቲማቲም ሶስ ፊት ቆሞ ግራ ከመጋባት፣ እዚህ አራት ወይም አምስቱን አንድ ጊዜ ከልጅ ወይም ከጎረቤት ጋር አንብቦ የሚሆነውን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን ወር በንባብ ነው ያሳለፍሁት፤ ዛሬ የሳምንቱን አስቤዛ ገዝቼ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል።

በጋሪዬ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ደረቅ ምስር፣ ባቄላ መሰል ጥራጥሬዎች፣ አጃ፣ ቡናማ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት በከረጢት፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ እንዲሁም በበረዶ የቀዘቀዘ ስፒናችና ፎሶሊያ። የቀዘቀዘውን አትክልት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ሳይገባው ነው። ተለቅሞ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ይዘቱን ይጠብቃል፣ ታጥቦና ተቆርጦ ይመጣል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ አይበሰብስም። ጥራጥሬውን በተመለከተ ደረቁን ግዙ እላለሁ፤ አንድ ፓውንድ ደረቅ ጥራጥሬ ሲበስል ስድስት ኩባያ ያህል ይወጣዋል፤ ከአንድ ቆርቆሮ የሚገኘው ደግሞ ውኃው ሲጠል አንድ ኩባያ ተኩል ገደማ ስለ ሆነ፣ አንድ ከረጢት አራት ቆርቆሮ ማለት ነው። ሁለት ሥራ እየሠራ ለሚኖርና ጥራጥሬ ለመዘፍዘፍ ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ቆርቆሮውም ነውር የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ጥራጥሬ፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው፤ በውኃ ሲለቀለቅ ከጨው የሚመጣው ሶዲየም 40 በመቶ ያህሉ ይወገዳል።

ዘይቱ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ሐመስ ከሽምብራ የተሠራ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ያለ ጥርጥር እንገዛዋለን፤ አብዛኛው ግን ዘይት አለበት። የተቆራረጠ ዳቦ፣ የስንዴ ቶርቲያ፣ የተዘጋጀ የስፓጌቲ ሶስ፣ ግራኖላ፣ ለመጥበስ የተዘጋጀ የቀዘቀዘ ድንች፣ የተቆላ ለውዝ፣ አንዳንዱ የአጃ ወተት፣ ሌላው ቀርቶ የደረቀ ክራንቤሪ እንኳ ዘይት ይጨመርባቸዋል። በአንጻሩ የበቆሎ ቶርቲያ ብዙውን ጊዜ በቆሎ፣ ውኃና ኖራ ብቻ ነው፤ ከለውዝና ከጨው በቀር ምንም ያልገባበት የለውዝ ቅቤም በዚያው መደርደሪያ ይገኛል። በአሜሪካ ሕግ የምግቡ ግብዓቶች በክብደታቸው ቅደም ተከተል መጻፍ ስላለባቸው፣ የዘይት ስም ከፊት ከመጣ ብዙ እንደ ገባበት ማወቅ ይቻላል።

ስለ ስቡ ቁጥር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ጊዜ ተብሎ በተለካው መጠን ውስጥ ያለው ስብ ከግማሽ ግራም ካነሰ «0 ግራም» ተብሎ እንዲጻፍ ሕጉ ይፈቅዳል። በዚህም ምክንያት በአብዛኛው ዘይት የሆነው የመጥበሻ ስፕሬይ፣ መጠኑ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ፍንጣቂ ስለ ተለካ፣ ጀርባው ላይ ዜሮ ስብ ይነበብበታል። እኔም ዘይት ትቻለሁ እያልሁ ለወራት ስነፋው ኖሬአለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን የግብዓቶቹን ዝርዝር ማመን ይሻላል።

የሚጎድለውንም መናገር አለብኝ። በዋጋ ቅናሽ ሱፐርማርኬት በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የሉም፤ ለእነርሱ የሐበሻ ሱቃችን አለን። ቀይ ክክ ምስርም እኔ በምሄድበት ሱቅ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ድፍኑ ምስር ይገኛል፣ ለቀዩ ግን ወደ ህንዶች ሱቅ መሄድ ግድ ይሆናል። ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊና ደቡብ እስያዊ በሚኖርበት ሠፈር ቀይ ምስርና የአተር ክክ በአምስትና በአሥር ፓውንድ ከረጢት ቢቀርብ ተነሥቶ የሚሸጥ ነው። ለሱቁ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ ብዙ ሆነን ብንጠይቅ ግን የበለጠ ይሰማል።

በመጨረሻ ወደ ድስቱ ስንመጣ፣ ትልቁ እንቅፋት ዋጋ ሳይሆን ወግ ነው። የወጥ መብሰል የሚታወቀው ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው ተብለን አድገናል፤ ያልወዛ ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ እንግዳውን ማሳነስ ይመስለናል። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ እኔም ቤት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጥ ደረቅ፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ የሚል ነበር። ለውጥ ያመጣው ትዕግሥት ነው። ሽንኩርቱን በዝግታ፣ ድስቱን እየከደኑ፣ ሊይዝ ሲል ብቻ ጥቂት ፍል ውኃ ጠብ እያደረጉ ወርቃማ እስኪሆን መጠበቅ፤ በርበሬውን ጨምሮ ለረጅም ጊዜ በትንሽ በትንሽ ውኃ ማቁላላት፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቲማቲም ማስከተል ነው። ወዝ ለሚፈልግ ደግሞ ከአያቶቻችን የወረስነው መላ አለ፦ ሱፉን ወቅጦ አጥልሎ፣ ወይም ተልባውን ቆልቶና ፈጭቶ መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ። በተለይ ከተልባው የሚገኘው ስብ ከነአሰሩ የመጣ ነው፤ ሰውነታችን አንዳንድ ቫይታሚኖችን ለመውሰድ ጥቂት ስብ ስለሚያስፈልገውም ለውዙን፣ ሱፉንና ተልባውን ከዘይቱ ጋር አብሬ አላባረርሁም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ከምግቡ በቂ ስለማያገኝ በእንክብል ወይም ቫይታሚኑ ከተጨመረበት የሶያ ወተት መውሰድ አለበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ አመጋገቡን በድንገት ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላልና።

ለቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ምሳ አዘጋጅ እኅቶች ያለኝ ልመና አንድ ነው። በመጪው ፍልሰታ ከሚሠራው ወጥ መካከል አንዱ ድስት ያለ ዘይት ይሠራና «ዘይት የሌለበት» ተብሎ ይጻፍበት፤ እኚያ እናትና እንደ እርሳቸው ከሐኪም ትእዛዝ የተሰጣቸው ሰዎች ሳይሳቀቁ የሚያነሡት ነገር ይኑር። ምስሩንና ሽንኩርቱን እኔ እገዛለሁ፤ ከንጋቱ ጀምሮ ቆሜም አቁላላለሁ።