«ዲጂታል አንቴና» የሚባል የተለየ ዕቃ የለም

«ጣቢያው ወደ ዲጂታል ሲዞር የድሮው አንቴና አይሠራም፤ አዲስ መግዛት ግዴታ ነው» የሚለው አስተያየት መታረም አለበት። አንቴና ሞገድ የሚቀበል ብረት ነው፤ ሞገዱ የተሸከመው አናሎግ ይሁን ዲጂታል ለእርሱ ለውጥ የለውም። ምልክቱን መፍታት ያለበት ቴሌቪዥኑ ነው፤ አሮጌ ከሆነም መቀየሪያ ሳጥን ይበቃዋል። ነጋዴው በካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» ብሎ ስለጻፈ ብረቱ አይለወጥም!

እርግጥ ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ የዊልሚንግተን የንግድ ጣቢያዎች ለሙከራ ከመላ አገሪቱ ቀድመው አናሎግን ያጠፉት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2008 ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ደብልዩኢሲቲ በቪኤችኤፍ (ሞገዱ ረዘም ባለው የሥርጭት ክልል) ቻናል 6 እጅግ ሩቅ ይደርስ ነበር፤ በዲጂታል ግን ወደ ዩኤችኤፍ (ሞገዱ አጠር ወዳለው ክልል) ተዛወረ፤ የማሰራጫ ማማውም ተቀየረ። በዳር አካባቢ የነበሩ ተመልካቾች ጣቢያውን አጡት። ጣቢያውን ያሳጣቸው ግን የሞገዱና የማማው ለውጥ እንጂ አንቴናቸው «ዲጂታል» አለመሆኑ አይደለም። በአናሎግ ዘመን ደካማ ምልክት በነጠብጣብ ተሸፍኖም ቢሆን ይታይ ነበር፤ ዲጂታሉ ግን ከገደቡ ሲያንስ ጭርሱን ይጠፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቴሌቪዥኑ ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ ያድርጉ፤ ከዚያም አንቴናውን ወደ ማማው ያዙሩት።