የዋሽንግተን ሙግትና የወሎ በልግ

የካቲት 19 ቀን 2007 ዓ.ም. የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ ከደጅ የታፈሰ በረዶ በላስቲክ ይዘው ወደ አሜሪካ ሴኔት አዳራሽ ገቡ። ያን ጊዜ የሴኔቱ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ዋሽንግተን እንዲህ በርዳ ሳለ የምን የዓለም ሙቀት ይወራል ለማለት ድቡልቡሉን በረዶ ወደ መድረኩ ወረወሩት።

በዚያው የካቲት የወሎ ደገኛ ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር። ደላንታ፣ መቄት፣ ዋድላና ተንታ ገብሳቸውን የሚዘሩት በበልግ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ፣ ያውም ተቆራርጦ መጣ። ቀጥሎ ክረምቱን ኤልኒኖ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ያዘው። በታኅሣሥ 2008 በአገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ።

እዚህ አሜሪካም እዚያ ወሎም ዘመድ ላለው ሰው የሚከብደው የጥፋተኝነቱ ሙግት ተገልብጦ መገኘቱ ነው። ከ1750 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ወደ አየር ከለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀትን አፍኖ ከሚያስቀረው ጋዝ፣ አንድ አራተኛ ያህሉ የአሜሪካ ነው። ዛሬም እያንዳንዱ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ያወጣል። የኢትዮጵያዊው ድርሻ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን «ሰው ጥፋት የለበትም» የሚለው ክርክር የሚሰማው እዚህ ነው። ወሎ ላይ ዝናብ ሲቀር ሰው የሚያነሳው የራሱን ጥፋት ነው፦ ኃጢአታችን በዛ፣ ዛፉን ጨረስነው፣ እርስ በርስ ተካካድን። ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ወዳጃ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ፈጣሪን ይማጸናሉ። ጸሎቱ ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን የሌላው ዕዳ በእነሱ ትከሻ ላይ መጫኑ ነው።

(ከዚህ በኋላ ስለ አሜሪካና ስለ ሳይንሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው ክርክር ድሮ የፓርቲ ጉዳይ አልነበረም። በ1992 የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ስምምነት የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ አባትየው ናቸው። በ1997 ደግሞ ሴኔቱ ታዳጊ አገሮችን የማያስገድድ ወይም የአሜሪካን ኢኮኖሚ የሚጎዳ ስምምነት አንቀበልም ብሎ 95 ለ0 ሲወስን ዴሞክራቶችም አብረው እጃቸውን አውጥተዋል። ጆን ማኬይን በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የጋዝ ልቀት በሕግ እንዲገደብ ይደግፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ተለየ። አገሪቱ የጋዝ ልቀትን ለመቀነስ አገሮች ከተስማሙበት የፓሪስ ስምምነት በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በጥር 2025 እንደገና እንድትወጣ ታዘዘ። ምክንያቱን የዌስት ቨርጂኒያንና የዋዮሚንግን የከሰል ማዕድን ከተሞች ያየ ሰው ይረዳዋል። መንስኤውን ማመን የነዳጅ ግብርን፣ የኃይል ማመንጫ መዘጋትን፣ የመንግሥት ቁጥጥርን ያስከትላል። መድኃኒቱን የፈራ ሰው በሽታውን ይክዳል። ስለዚህ የሚጣሉት በቴርሞሜትሩ ሳይሆን በሒሳቡ ነው፤ ማን ይክፈል በሚለው።

ማስረጃው ራሱ ግልጽ ነው። ሳይንቲስቱ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ገደማ እንደነበር በአንታርክቲካ ግግር በረዶ ውስጥ ታፍኖ የኖረው አየር ያሳያል። ጭማሪው የማን እንደሆነም ይታወቃል። በቅርቡ ይኖር የነበረ ዛፍ ውስጥ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት አለ፤ ዛፉ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ በቆየው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ውስጥ ጨርሶ አልቋል። ስለዚህ የግራር ከሰል ጭስና የድንጋይ ከሰል ጭስ በላቦራቶሪ ይለያያሉ፤ በአየሩ ላይ እየተከመረ ያለውም አሮጌው ካርቦን ነው። እሳተ ገሞራ ነው የሚሉም አሉ፤ የዓለም እሳተ ገሞራዎች ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ሰው ከሚያወጣው አንድ በመቶ አይሞላም። ፀሐይ ናት ለሚለው ደግሞ መልሱ ከላይ ነው። ፀሐይ በርትታ ቢሆን የላይኛውም የአየር ንብርብር በሞቀ ነበር። የተለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዙ ነው፤ ጋቢ የደረበ ሰው ገላው እየሞቀ የጋቢው ውጭ እንደሚቀዘቅዘው።

ተጠራጣሪዎቹ ያነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች ግን ክብር ይገባቸዋል። አንደኛው የቴርሞሜትር ጣቢያዎች ከተማ እየበላቸው የአስፋልትና የቆርቆሮ ሙቀት ይለካሉ የሚለው ነው። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሜዳ ላይ የተተከለ ጣቢያ ከ40 ዓመት በኋላ ቤት ሊከበው ስለሚችል ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ሙለር ይህን ጥርጣሬ ይዘው፣ ከፊሉን ገንዘብ ከነዳጅ ባለሀብቱ ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን አግኝተው፣ የገጠሩን ከከተማው ለይተው ቆጠሩት። በ2012 ሙቀቱ እውነት መሆኑንና ምክንያቱም ሰው መሆኑን ራሳቸው ተናገሩ። ሁለተኛው የሳተላይት መረጃ ሙቀት አያሳይም የሚል ነበር። ሳተላይቱ ከምሕዋሩ ሲንሸራተት የሚለካበት ሰዓት ይለወጣል፤ ያንን ለማስተካከል የተሠራው ሒሳብ የተሳሳተ መሆኑ በ2005 ተገኘ። ሲታረም ሳተላይቱም መሞቁን አሳየ።

የእኛ ማኅበረሰብ እዚህ ያለውን ክርክር ከነፓርቲው መውሰዱ ያሳዝነኛል። በግብር ወይም በሃይማኖት ጉዳይ ሪፐብሊካኑን የመረጠ ሰው ስለ ካርቦን ያለውንም ሐሳብ አብሮ ይቀበላል። ዴሞክራቱን የመረጠው ደግሞ ወሎ ላይ የደረሰውን ሁሉ በአየር ንብረት ያስረዳል። ሁለቱም የወሎን ጉዳይ በአሜሪካ ምርጫ ይዳኙታል።

የወሎን ለመዳኘት ሦስት ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ ሙቀቱን፣ አፈሩንና ረሃቡን። ሦስቱም የሰው እጅ አለባቸው፤ እጁ ግን የተለያየ ሰው ነው።

ከአፈሩ ልጀምር፤ ወሎዬው ራሱን የሚወቅስበት እሱ ነውና። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው አባባል በትምህርት ቤትም በሪፖርትም ይደጋገማል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ ልኬት ግን የለውም። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነሱ የወሎ ፎቶግራፎችን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዚያው ቦታ ገጽታ ጋር አነጻጽረው ነበር። የተገኘው ዛፍ ከድሮው የበዛ እንጂ ያነሰ አልነበረም፤ ሰው በየቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ማለት አፈሩ አልታጠበም ማለት አይደለም። ተዳፋት ታርሷል፣ ግጦሽ በዝቷል፣ ቦረቦሩም በዓይን የሚታይ ነው። እርከንና ከብት የተከለከለበት ተራራ የሚጠቅሙትም ለዚህ ነው። ነገር ግን የህንድ ውቅያኖስ እርጥበት ወሎ ደርሶ አለመዝነቡ በጓሮ ዛፍ ቁጥር አይወሰንም።

በልጉ ላይ የመጣው ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ካለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ደጋግሞ ደክሟል። የአየር ንብረት ተመራማሪው ክሪስ ፈንክና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ማብራሪያ፣ የምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ አየሩ እዚያ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይዘንባል፣ ከእኛ በላይ ደግሞ ቁልቁል ይጫናል፤ ቁልቁል የሚጫን አየር ደመና አይሠራም የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ መደበቅ የማይገባው ነገር አለ። አብዛኞቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ለዚህ ወቅት የተነበዩት ዝናብ ይጨምራል ብለው ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ይሉታል። ሙቀቱ የሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከሙቀቱ የሚከተለው የአንድ ወረዳ ዝናብ ግን ገና በጥናት ላይ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መካድም፣ አንድ አድርጎ መማልም ስህተት ነው። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውኃ ይይዛል፤ ስለዚህ የዘነበ ቀን በኃይል ይወርዳል፣ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ደግሞ ሞቃቱ አየር እርጥበቱን ከማሳው ቶሎ ይመጥጠዋል።

ቆላው የሚጎዳበት መንገድ ይለያል። በቆቦና በራያ እንደ ደጋሊት ያለው የረጅም ጊዜ ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ ካልተዘራ አይደርስም። ሚያዝያ ከከዳ ገበሬው እስከ ሰኔ ማብቂያና ሐምሌ ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። እህሉ ቢገኝ እንኳ አገዳው ይቀራል፤ አጭሩ ማሽላ አገዳው ጥቂት ነው። አገዳ የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶና የጎጆ ክዳን ነው። ስለ ምርት ብቻ የሚያወራ ሪፖርት ይህንን ኪሳራ አይቆጥረውም።

ረሃቡ ግን የሰማይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1965ና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ብዙ አልወደቀም። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያሳዩት፣ የወሎ ሰው መግዣ ስላጣ እህል ከዚያው ከወሎ ተጭኖ ይወጣ እንደነበር ነው። መንግሥቱም ሸሸገው። በ1977 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት አሥረኛውን የአብዮት በዓል በመስከረም ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር፤ ጦርነቱ፣ የግዴታ እህል ሽያጩና የእህል ንግድ እገዳው ድርቁን ረሃብ አደረጉት። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ሲያልፍ ማመን የለብንም። በጊዜ ያልተከፈተ መጋዘን በፓስፊክ ውቅያኖስ አይመካኝም። የአሜሪካው ፖለቲከኛ ሙቀቱን የሚክደው ዕዳውን ለመሸሽ ከሆነ፣ የአገር ቤቱ ሹም ሙቀቱን የሚጠራው የራሱን ለመሸሽ እንዳይሆን መጠበቅ አለብን።

ለዚህ የሚያስፈልገው በየቀበሌው የሚለካ የዝናብ ቁጥር ነው፤ የዝናብ መለኪያ መሥራት ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይወሰድና ከትከሻው በታች ይቆረጣል። አፉ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ከላይ ይገባል፤ ይህ ውኃው በፀሐይ እንዳይተን ይከላከላል። የሃይላንዱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ተጨምሮ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ በውኃ ይሞላል፤ እዚያ ላይ ዜሮ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ የተማሪ ማስመሪያ ይለጠፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይታሰራል፤ ዛፍ ወይም ቤት ካለ የቁመቱን ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፣ አለበለዚያ ዛፉ ዝናቡን ይጋርደዋል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነብቦ ዜሮ ላይ ይመለሳል። ልኬቱ የሚበላሸው ሰው ደረቅ ቀንን ሳይጽፍ ሲያልፍ ነው፤ ያልዘነበበት ቀን «0» መጻፍ አለበት፣ ባዶ ቦታ ደረቅ ቀን ይሁን የተረሳ ቀን ማንም አያውቅም። የቅሬ (የወሎ እድር) ጸሐፊ ደብተር ለዚህ ይበቃል፤ ቅሬው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይይዛል፣ ስብሰባውም አይቋረጥም።

ደብተሩ ለዘርም ይጠቅማል። አጥኚዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ፦ በ3 ተከታታይ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በቀጣዩ 30 ቀን ውስጥ ከ9 ቀን የበለጠ ድርቀት ካልገባ ዝናቡ ጀምሯል ይባላል። በልግን የሚያከስረው ሐሰተኛው አጀማመር ነው። የየካቲቱ ካፊያ ዘር ያስዘራል፣ የመጋቢቱ ድርቀት ቡቃያውን ያቃጥላል፣ ሁለተኛ የሚዘራ ዘር ደግሞ ጎተራ ውስጥ የለም።

ከባሕር ማዶ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ከዚያ ደብተር ልንጠይቅ የሚገባን ቀኑን ነው። የበልግ መክሸፍ እስከ ሚያዝያ ይታወቃል። ገብሱ የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚልከው «ምርት የለም» የሚል ስልክ ከሐምሌ በኋላ ሲመጣለት ነው። በመካከሉ ግን ሁሉም ከብቱን ገበያ ያወጣል፣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ጥማዱን የሸጠ ቤት በክረምት ማሳውን ለመገዞ ይሰጣል፤ ክረምቱ ያማረ ቢሆን እንኳ ምርቱን ከአራሹ ጋር ይካፈላል፣ በሬ መልሶ ለመግዛትም ዓመታት ይፈጅበታል። በሚያዝያ የደረሰ ገንዘብ ዘር ይገዛል፣ በሬውንም በረት ያቆያል። በነሐሴ የደረሰው እህል ብቻ ይገዛል።