የጎንደር እንግዳ ቦርሳውን የት ያስቀምጥ?

ሕንድ አገር ተምረው የሚመለሱ የጎንደር ልጆችን ስለ ቆይታቸው ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቅመሙና ስለ ዶርማቸው ነው። "ታጅ ማሐልን አያችሁ?" ስላቸው፣ "ጊዜ የት አለ?" ይሉኛል። በቀደም ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ፣ "ቦርሳ አዝሎ መዞር የፈረንጅ ሥራ ነው፤ የእኛ ሰው አገር አቋርጦ የሚሄደው ለቁም ነገር ነው" ብሎ ተከራከረላቸው። አልተስማማሁም። እኔም እዚያ ተምሬያለሁ፤ ጎንደርን በደንብ ያወቅኳት ግን በሕንድ ባቡር በዞርኩባቸው ሁለት ሳምንታት ነው።

ከደልሂ አግራ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን ባቡር ነበረ፤ እኔ የተሳፈርኩት ግን ርካሹን፣ መስኮቱ የሚከፈተውን፣ ስሊፐር የሚሉትን ነው። ጣቢያው ላይ የሻንጣ ማሰሪያ ሰንሰለት እያዞሩ ሲሸጡ አይቼ ምን ያደርግልኛል ብዬ አለፍኳቸው። ፉርጎው ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ሻንጣቸውን ከመቀመጫው ሥር ካለው የብረት ቀለበት ጋር አስረው ቆለፉ። ከዚያ የእኔን ቦርሳ አዩት፤ ማንገቻውን ሳብ አድርገው ከራሳቸው ሻንጣ ጋር አብረው ቆለፉልኝ። በቋንቋ አንግባባም። አግራ ስደርስ ፈትተው ሰጡኝ።

በመስኮቱ የሰናፍጭ ማሳና የሸክላ ጡብ ማቃጠያ ጭስ ማውጫዎች ተከታትለው ያልፋሉ። የደልሂንና የአግራን ግንቦች ያቆመው፣ ሠሪዎቹንም ያበላው ይህ ገጠር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ፎገራና እንፍራንዝ ትዝ አሉኝ። ከባሕር ዳር ስንመጣ ሚኒባስ ውስጥ ተኝተን ነው የምናልፋቸው፤ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ እዚያው መንገዳችን ላይ እያለ።

ታጅ ማሐል መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1632 ነው፤ ዐፄ ፋሲል በነገሡበት ዓመት። ጎንደር በ1636 ተቆረቆረች፤ የደልሂው ቀይ ግንብ በ1639 ተጀመረ። ከልጅነቴ ጀምሮ የፋሲልን ግንብ ብቻውን የበቀለ ተአምር አድርጌ ነበር የማየው። ለካ እኩዮች ነበሩት፤ ይተዋወቁም ነበር። ዐፄ ፋሲል ለሕንዱ ንጉሥ ለአውራንግዜብ መልእክተኞች ልከው፣ ያን ጊዜ ደልሂ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንስዋ በርኒየ አግኝቷቸው ስለ እነሱ ጽፏል። ይህን እያሰብኩ በቀይ ግንብ በር ስገባ እንባዬ መጣ። የጎንደር ልጅ እዚያው ከተማ ሦስት ዓመት ኖሮ ይህን ሳያይ መመለሱ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ በላይ የቀናሁት ግን በግንቦቹ አይደለም። አግራ ጣቢያ አንድ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለ። ሠራተኛው ትኬቴን አየ፣ ቦርሳዬ መቆለፉን በእጁ ፈተሸ፣ ወፍራም መዝገብ ላይ ጻፈና ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። የከፈልኩት ከሻይ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ እጄን እያወዛወዝኩ ዋልኩ፤ ማታ ቦርሳዬን ተቀብዬ ወደ ግዋልዮር ተሳፈርኩ። ለአልጋ ያላወጣሁትን ገንዘብ አግራ ላይ ለምሳና ለአስጎብኚ ከፍዬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ፋሲል ግቢ በር ላይ አንዲት ወጣት ትልቅ ቦርሳ አዝላ፣ "ወንድሜ፣ ይሄን የት ላስቀምጠው?" አለችኝ። በጠዋት ከባሕር ዳር መጥታ ማታ መመለስ ነው ሐሳቧ። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ቁስቋምንም ማየት ፈልጋ፣ በዚህ ሸክም ስለማይሆንላት ግቢውን ብቻ አይታ ልትመለስ ነበር። የማውቀው ባለ ሱቅ ዘንድ ወስጄ አስቀመጥኩላት። ባታገኘኝስ?

ባቡር ጎንደር እስኪደርስ ብዙ ዘመን ልንጠብቅ እንችላለን። ለዕቃ ማስቀመጫ ግን ሐዲድ አያስፈልግም፤ ከግቢው ወይም ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ መዝገብና የሚታመን ሰው ይበቃል። ከተማው ይህን ለጥምቀት እንኳ ቢጀምረው ትልቅ ነገር ነው።

ዘንድሮ ሕንድ ለምትሄዱ ልጆቻችን፦ በመጀመሪያው የዕረፍት ሳምንታችሁ ሰንሰለትና ቁልፍ ገዝታችሁ ተሳፈሩ። አግራ ስትደርሱ የዕቃ ማስቀመጫው መስኮት ጋ ትንሽ ቆም በሉ፤ መዝገቡ ስንት ዓምድ እንዳለው፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ዕቃ ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ አይታችሁ ጻፉልን።