የኢስትሮስ ሳንቲሞች አድራሻቸውን ይዘው ይሸጡ

ኢንተርኔት ላይ ጥንታዊ ሳንቲም የሚሸጡ ገጾችን ብትከፍቱ አንድ የግሪክ የብር ሳንቲም ደጋግሞ ይመጣባችኋል። 6 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ በኩል ጢም የሌላቸው ሁለት የወጣት ፊቶች ጎን ለጎን ተቀርጸውበታል። አንዱ ቀጥ ብሎ ያያችኋል። ሌላው ግን ተዘቅዝቋል፤ አገጩ ወደ ላይ፣ ፀጉሩ ወደ ታች። ጀርባው ላይ ደግሞ ንስር ዶልፊን ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን በመንቁሩ ይወጋዋል።

የኢስትሮስ ሳንቲም ነው። ከተማዋን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ክርስቶስ የቆረቆሯት የሚሊጢን ሰዎች ናቸው። አዎ፣ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት ሚሊጢን። ቦታው ጥቁር ባሕር ዳር፣ ዳኑብ ወደ ባሕሩ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ፣ በዛሬዋ ሩማኒያ ነው። ወይንና ዘይት በመርከብ ይገባል፤ እህል፣ ዓሣ፣ ባሪያም ይወጣል። መጀመሪያ የሚገበያዩት የቀስት ጫፍ በሚመስል ነሐስ ነበር። ብሩ በኋላ መጣ።

ፊቱ ለምን ተገለበጠ? ሊቃውንቱ አልተስማሙም። መንትዮቹ የዜውስ ልጆች ናቸው የሚል አለ። የምትወጣና የምትጠልቅ ፀሐይ ናት የሚል አለ። የለም፣ የነፋስ ምልክት ነው የሚልም አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መልሱ በእጃችን እያለ እየጠፋ መሆኑ ነው። ሳንቲሙ የተገኘው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ወይስ መቃብር ውስጥ? ዘመኑ ከሚታወቅ የሌላ ከተማ ሳንቲም ጋር በአንድ ማሰሮ ተቀብሮ ነበር? ከወደቡ ርቆ፣ የአገሬው የጌታይ ሰዎች መንደር ውስጥ? እነዚህን ብናውቅ ብዙ ክርክር ይቋጭ ነበር። በሌሊት ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ የሚቆፍር ሰው ግን ማስታወሻ አይዝም። ሻጩም «ከድሮ ስብስብ» ብሎ ያልፋል።

ቦታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከኢስትሮስ ብዙም ሳይርቅ የተገኘውን የወርቅ ቀለበት ማንሳት ይበቃል። ስኪሌስ የሚል ስም ተቀርጾበታል። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ እስኩቴሱ ንጉሥ ስኪሌስ ሲተርክ እናቱ የኢስትሮስ ሴት እንደነበረች፣ ግሪክኛም ያስተማረችው እሷ እንደሆነች ጽፏል። ቀለበቱ የተገኘበት ስፍራ ባይታወቅ ኖሮ ከእናቱ አገር ጋር ማን ያገናኘው ነበር?

ሰብሳቢዎች «እኛ ባንገዛው ቀልጦ ጌጥ ይሆን ነበር» ይላሉ። ለአንዳንዱ ሳንቲም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቆፋሪውን ሌሊት ከቤቱ የሚያወጣው ገዢ መኖሩ ነው። ገበያው ሲደርቅ ቁፋሮውም ይቀንሳል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አክሱም የመጀመሪያ ሳንቲሞቿን በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ስታትም የጻፈችባቸው በግሪክ ፊደል ነው። እነሱም ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ብቅ እያሉ ለቱሪስት ሲሸጡ ኖረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለገጾቹ ነው። የት፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ፣ ከአገሩም በሕጋዊ መንገድ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሳንቲም አይለጠፍ። ገዢውም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ወረቀቱን ይጠይቅ።