ለቅንጬ አልሚዎቻችን

ከኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በመስኮት ብቅ ሲል ማሽላው ዝናብ ናፍቆት አንገቱን ደፍቶ ያየዋል። መንገድ ዳሩ ግን እንደ ሠርግ ቤት ነጭ ለብሶ ይጠብቀዋል። ማዳበሪያ የሰጠው የለ፣ ውኃ ያጠጣው የለ። ቅንጬ አረም ነው። ታዲያ እዚህ የደረሰው በራሱ ጥረት ብቻ አይደለም፤ የኛን የወሎዬዎችን ደግነት ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን።

እንግዳው የአሜሪካ ሐሩር አገሮች ተወላጅ ነው። በ77ቱ ድርቅ ከእርዳታ ስንዴ ጋር እንደገባ ይነገራል። ስንዴው ያኔውኑ አለቀ፣ እሱ ቀረ። ሐረርጌዎች «ፋራምሲሳ» አሉት፤ ማሳህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅህ ማለታቸው ነው። እኛ ግን ከቁርስ ገበታችን ስም አውጥተን ቤተሰብ አደረግነው። እሱም ውለታ አይረሳም። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ በተደረገ ጥናት ሳይታረም ከተተወ ማሽላ ላይ የምርቱን ከ40 እስከ 97 ከመቶ ወስዷል። ቀሪዋን 3 ከመቶ በጨዋነት ትቶለታል።

በመጀመሪያ የሚመሰገነው ጎረቤቴ ነው። ማሳውን ሲያርም ላየው እጁ ወርቅ ነው። አንዷን ሳያስቀር ይነቅልና በክንዱ አቅፎ ድንበሩ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወርወር። «ምነው መንገድ ላይ?» ብለው፣ «መንገዱ የመንግሥት አይደል እንዴ? መንግሥት ይረመው!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ መሬቱ እዚያ ጋ ያልቃል። ችግሩ ቅንጬ ደብተር አያነብም። አንዱ እግር እስከ 25 ሺህ ዘር ያፈራል፤ የኢሱዙ ጎማ ከነጭቃው ያነሳለትና መርሳ ገበያ ድረስ ያለ ታሪፍ ያደርሰዋል።

ትልቁ ምስጋና ግን ለአረም ነቀላ ዘመቻው ነው። ቅንጬ ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ያብባል። ለጋ ሳለ ቢነቀል ሥራው ያኔውኑ ባለቀ ነበር፤ ግን ለጋ አረም ፎቶ ላይ ምን ያምራል? ስለዚህ በትዕግሥት ይጠበቃል። አብቦ፣ አፍርቶ፣ ሜዳው ነጭ ሲሆን ባነር ይወጠራል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ የታሸገ ውኃ በካርቶን ይወርዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። (ድሮ አጎቴ ጅጌ ሲጠራ ባነር አልነበረም፤ ቆሎና ቅሪቦ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ሥራው በዜና ያልወጣው።)

አምና የክብር እንግዳው ጓንታቸውን አጥልቀው አንዲት እግር ነቀሉ። አፈሩ እንዲረግፍ ብለው ለካሜራው ከፍ አድርገው ሦስት ጊዜ አራገፏት። አጠገባቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አታራግፈው! እየዘራኸው እኮ ነው» አሉ።

ፎቶ አንሺው ፈጠን ብሎ፣ «አባባ፣ ምስሉ ውስጥ ገብተዋል፤ እስቲ ትንሽ ወደ ጎን ይበሉልኝ» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ጎን አሉ።

ጓንት የደረሰው ለክብር እንግዳው ብቻ ስለነበር እኛ በባዶ እጃችን ነቀልን። ማታ ክንዳችንን ስናክክ አደርን። የተነቀለው ክምር መንገድ ዳር ቀረ፤ ለሚያቃጥለው ሰው አበል አልተያዘማ። ሪፖርቱ ግን የጸዳውን መሬት በሄክታር ቆጥሮ በማግሥቱ ሄደ።

ዘንድሮም እዚያው ቦታ ተጠራን። ክምሩ በነበረበት አረሙ ወገብ ደርሷል። ባነሩ ያው የአምናው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ብቻ ወረቀት ለጥፈውበታል፣ ነፋስ ሲመጣ ብድግ እያለ የታችኛውን ያሳያል። እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ቲሸርቴ ሁለት ሆነልኝ።