ያልቀመሱትን ቢራ ላለመጠጣት የማሉ ጀግኖች

የደሴ ሰው ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያወራ ማወቅ የፈለገ ፒያሳ አካባቢ አንዱ ጫት ቤት ጎራ ይበል። ስለ ውኃ መጥፋት ወይም ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚያነሳ ካገኘ እኔ ልቀጣ። እንዲህ ያለ ተራ ወሬ ድሮ ቀርቷል። አሁን የሚወራው ስለ ትራንስጀንደር መብት ነው። ያውም አሜሪካ ስላለው።

ወገኖቼን ማመስገን ይገባኛል። ስለማያውቁት ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይደናቀፉ መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2023 መግቢያ ላይ ዲላን ሙልቫኒ የተባለች ትራንስጀንደር የማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ባድ ላይት ቢራ ፊቷ የታተመበት ጣሳ እንደላከላት ኢንስታግራም ላይ አሳየች። አሜሪካ ታመሰች። ዘፋኙ ኪድ ሮክ የቢራውን ካርቶን ደርድሮ በጠመንጃ አርከፈከፈበት። ከሃያ ዓመት በላይ በሽያጭ አንደኛ የነበረው ቢራ በሁለት ወር ግድም ውስጥ ቦታውን ሞዴሎ ለተባለ ሌላ ቢራ ለቀቀ። ኩባንያው ለማንም ሳይሆን ሲያመነታ ደግሞ የትራንስጀንደር ደጋፊዎችም «አልቆምክላትም» ብለው ተዉት። ከሁለት ያጣ ማለት ይሄኔ ነው።

ወሬው ደሴ ሲደርስ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ባድ ላይት በአፋችን አይዞርም!» አለ። ግማሾቹ ቢራ የሚባል ነገር በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። የቀሩት የሚጠጡት እዚሁ ኮምቦልቻ የሚጠመቀውን ነው። ባድ ላይት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ያየ ሰው የለም። አድማ ማለት እንዲህ ነው! አያስጠማ፣ ኪስ አይነካ።

አንዱማ ተሻሽሎ «እኔ ሞዴሎን ነው የምመርጠው» አለ። ሞዴሎ ከአሜሪካ ውጭ የዚያው የባድ ላይት ባለቤት የቤልጂጉ ኩባንያ ንብረት ነው። ይህን ነግሮ ምርቃናውን የሚያበላሽ ጨካኝ ግን አልተገኘም።

ከመካከላችን የተማረው «የሐሳብ ነፃ ገበያ» የምትል ነገር አለችው። ጫት ሲያልቅበት ያነሳታል። በ1919 ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የተባሉ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ የሐሳብ እውነትነት የሚፈተነው በገበያ ውድድር ተቀባይነት ሲያገኝ ነው ብለው ጽፈዋል። የጻፉት ግን በልዩነት ሐሳብ ነው፤ ሰባት ለሁለት ተሸንፈዋል። በራሪ ወረቀት በመበተናቸው የተከሰሱት ሰዎችም እስከ 20 ዓመት የተፈረደባቸው እስራት ጸናባቸው። ገበያው በተመረቀ ቀን ነጋዴዎቹ ታሰሩ።

የጫት ቤታችን የሐሳብ ገበያ ከዚያ የተሻለ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ግመል ሲገዛ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። አስነስቶ ያስኬደዋል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ከባለቤቱ ጋር ምራቁ እስኪደርቅ ይከራከራል። አበጋሮቻችን፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ሁለቱን ወገን ካልሰሙ አይፈርዱም። ኋላ ቀርነት! እኛ ጋ ሁሉም ሻጭ ነው። ገዢ የለም፣ ግመሉም አልመጣም። ባለጉዳዩ ምን ይላል ብሎ ጊዜ የሚያባክን የለም።

ሌላውም ወገን አይታማም። ለዓረፋ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አጎቱ አንድ ቃል አሳስተው ቢጠሩ «ከእንደ እናንተ ዓይነቱ ጋር ክርክር የለኝም» ብሎ እዚያው ብሎክ አደረጋቸው። አጎትየው ጎኑ ተቀምጠዋል። ሻይ ሲያቀብሉትም በቲክቶክ ስለ ውይይት ባህል የሚናገር ቪዲዮ እያየ ነበር።

ባለፈው ግን አንድ ልጅ ጨዋታውን ሊያበላሽብን ነበር። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን እንኳ አነጋግሮ የሚያውቅ አለ?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «አንተን ምን አገባህ? ለምንድን ነው የጠየቅኸው?» አለው። ሌላው «ተውት፣ ነገር አለው» አለ። ቡናው ሲዞር ሲኒዋ እሱን ዘላ አለፈች። በማግስቱ ሰላምታ የሚመልስለት አጣ። ጫት የሚያበድረው ልጅ እንኳ «አልቋል» አለው፤ እስሩ ፊቱ ተከምሮ።

ልጁ ሳምንት ሳይሞላ ይቅርታ ጠየቀ። የቤልጂጉ ኩባንያ መልስ ገና እየተጠበቀ ነው።