ፋሲካ ሲገባ ሽሮው ለምን ይወጣል?

በስታዲየም አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት የበርካታ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት አንድ ካፌ፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ የጾም ምግብ እንደማያዘጋጅ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ ገልጿል። ተመጋቢዎች ምክንያቱን ሲጠይቁ ኃላፊው የሰጡት መልስ «ጾሙ አልቋል፤ አሁን ሠራተኛው ጉልበት የሚሰጠውን ነው መብላት ያለበት» የሚል ነበር። የአንድ ካፌ ኃላፊ አስተያየት ብቻ ቢሆን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ በሃምሳው ቀናት «በያይነቱ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ከአስተናጋጁ የሚያገኘው መልስ ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

«ጉልበት» ከሚለው ልጀምር። ይህን የሚናገር ሰው በመሀል ከተማው በየግንባታው የሚሠሩትን ወጣቶች በምሳ ሰዓት ልብ ብሎ ያያቸው አይመስለኝም። ሲሚንቶ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡት፣ ፌሮ የሚያስሩትና አርማታ የሚያቦኩት ሠራተኞች በብዛት ከበው የሚበሉት ሽሮ በእንጀራ ነው። የገበሬው እርሻም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ አልተበላም ተብሎ ተቋርጦ አያውቅም። ይህ ሁሉ እየታየ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተር ሲመለከት ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ ምስርና ሽሮ አይበቃውም ማለት ከቶ እግር የሌለው ክርክር ነው። የሥነ ምግብ ዕውቀቱም ቢሆን ኃላፊውን አይደግፍም፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በሽምብራ፣ በአተር፣ በባቄላና በምስር ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጤፍ በራሱ ብረትና ካልሲየም ያለው እህል ሲሆን፣ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ሰውነት የተሻለ ይጠቀምበታል።

ለመሆኑ የዚያ ሕንፃ ሠራተኛ የጎደለው ጉልበት ነው? በየቢሮው የሚሰማው የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ወሬ ነው፤ ሐኪም «ሥጋና ቅቤ ቀንስ» ያለው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል እንደሚቀንስና ጥራጥሬ የደም ስኳርን በዝግታ እንደሚያሳድግ በሚገባ የታወቀ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት መድቧቸዋል። ከጥሬ ሥጋ ጋር ስለሚመጣው የኮሶ ትል ለአዲስ አበባ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። ታዲያ የሐኪሙን ምክር ይዞ የመጣው ሠራተኛ ለሰባት ሳምንታት ምሳውን የት ይብላ?

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ውሳኔው የመጣበት ጊዜ ነው። አመጋገቡን ወደ አትክልትና ጥራጥሬ ማዘንበል የሚፈልግ ሰው ትልቁ ፈተናው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፤ ምላስ ቅቤውን ይፈልጋል፣ ሆድ ጥራጥሬውን አልለምድ ብሎ ይነፋል፣ ምን እንደሚበሉም ግራ ያጋባል። በዐቢይ ጾም የቆየ ሰው ይህን ሁሉ አልፎታል። ምላሱ የሰናፍጩን፣ የሎሚውንና የቃሪያውን ጣዕም ለይቶ ማጣጣም ጀምሯል፤ ሆዱም ጥራጥሬውን ለምዷል። ከፋሲካ በኋላ የሚቀረው በሳምንት ጥቂት ቀናት ያንኑ ምሳ መቀጠል ብቻ ነው። በሌላ አገር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ ሙያ ተምረው፣ ለወራት ታግለው የሚደርሱበት ቦታ ላይ የእኛ ሰው በየዓመቱ ይደርሳል፤ ምግብ ቤቶቻችን ግን ልክ በዚያ ሰዓት በሩን ይዘጉበታል። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ሲጫንበት የሚደርስበትን ሁሉም ያውቀዋል፤ የጤና ባለሙያዎችም በየዓመቱ ቀስ በሉ እያሉ ይለምናሉ። ቀስ ለማለት ግን በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚመረጥ ነገር መኖር አለበት።

«ሰው ስለማይፈልገው ነው» የሚል መልስም ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ሰው የማይፈልገው በችኮላ የተሠራውን ነው። ሽንኩርቱ በደረቁ በዝግታ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ቁሌቱ እስኪበስል ታሽቶ፣ ሽሮው እየተነሰነሰ ተማስሎ፣ በቀዝቃዛ እሳት ሲንተከተክ ቆይቶ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና መከለሻ የገባበት ሽሮ ቅቤ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ ካፌዎች ግን ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ይጨምሩና የጣዕሙን ጉድለት በዘይትና በጨው ይሸፍኑታል። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ በጥቂቱ ተደፍጥጦ፣ በሰናፍጭና በሎሚ የሚቀርበው አዚፋ በመሀል ከተማ ስንት ካፌ ውስጥ ይገኛል? ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተዘጋጅቶ ለቀናት የሚቦካው ስልጆስ? የተልባ ፍትፍት፣ ቡቲቻ፣ የእንጉዳይ ጥብስ፣ ቂንጬ በዘይት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የሚቀርብ ፉል፣ ሁሉም በእጃችን ያሉ ናቸው። ይህን ያህል ሀብት ያለው ማዕድ ለጾም ቀን ብቻ የሚታገሡት ነገር ተደርጎ መታየቱ ለሙያው ባለቤቶች ለእናቶቻችን ክብር አይመጥንም።

አንዳንዶች በሃምሳው ቀናት መጾም አይፈቀድም ሲሉ ይቃወማሉ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ማስተማሯ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ቁርሱን በልቶ እኩለ ቀን ላይ ሽሮ ያዘዘ ሰው እየጾመ አይደለም፣ ምሳውን እየበላ ነው። ከዚህም ሌላ በዚያ ካፌ የሚመገቡት ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶችም ናቸው፤ እነርሱም በያይነቱ የሚወዱት ስለሚጥማቸው ነው።

ለተቃዋሚዎቼ የምሰጠው አንድ ነገር ቢኖር ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ስለማይገኝ፣ የእንስሳት ተዋጽኦን ጨርሶ የተወ ሰው በኪኒን ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። እኔ ግን እየተናገርኩ ያለሁት በሳምንት ከረቡዕና ከዓርብ ላይ ሰኞን፣ ቆይቶም ማክሰኞን ስለሚጨምር ሰው ነው። የዘይቱም ነገር ቸል የሚባል አይደለም፤ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው ስብ ስለሆነ፣ በእርሱ የተጥለቀለቀ ጎመን የጤና ምግብ ሊባል አይችልም። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በልክ ማድረግ፣ ጨውንም የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ከሚመክረው መጠን እንዳያልፍ መጠንቀቅ የወጥ ቤቱ ኃላፊነት ነው። ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅና ቡናውን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ደግሞ ሰውነት ብረቱን እንዲያገኝ ስለሚረዳ የተመጋቢው ድርሻ ይሆናል።

ካፌው ብቻውን ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አልጠብቅም። የሕንፃው ተከራይ የሆኑት መሥሪያ ቤቶች ግን ከካፌው ጋር የምሳ ስምምነት ሲያድሱ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ሁለት ዓይነት የጥራጥሬ ወጥና አንድ ዓይነት አትክልት ያለ ቅቤ እንዲቀርብ በውሉ ማስገባት ይችላሉ። ለዚህ አዲስ ዕቃም ሆነ አዲስ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ምስሩም ሽሮውም ትናንት በጾሙ የነበሩ ናቸው፣ የሚያበስሉት እጆችም እነዚያው ናቸው። ለመኪና ማቆሚያ ክፍያና ለሊፍት ጥገና ደብዳቤ ሲጻጻፉ የሚከርሙ ኃላፊዎች በሠራተኞቻቸው ምሳ ላይ አንዲት መስመር ለመጻፍ የሚሰንፉበት ምክንያት አይታየኝም።